ድፍን ቤት

ንዴቴ ገና አልበረደም። «ጊዜ ያበርደዋል» ይሉኛል። ድሬዳዋ ላይ ምን ሲበርድ አይተው ነው? እንዲያውም ተናድጄ እያለሁ ልጻፈው፤ ከበረደልኝ ለወንድሜ አዝኜ ግማሹን እንዳልተወው እፈራለሁ።

ሥራዬ ቤት መመርመር ነው። የተሰነጠቀ መሠረት ወይም የዘመመ ግድግዳ አይደለም የምመረምረው፤ አየር ነው። ቤቱ የት የት ጋ አየር እንደሚያሾልክ፣ ውስጡ የሚኖረውም ሰው የሚበቃውን ንጹሕ አየር ያገኝ እንደሆነ እለካለሁ። መድኃኒት የሚያከማቹና ቀዝቃዛ ክፍል ያላቸው ሰዎች ቤታቸው እንዳያሾልክ ይፈልጋሉ። ክሊኒክና ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲተነፍስ ይፈልጋሉ። ይህን ለዘመድ ማስረዳት አበሳ ነው። «አየር እለካለሁ» ስላቸው «በሜትር ነው በኪሎ?» ይሉኛል። አንዷ አክስቴማ ሠርግ ላይ «አየር ትሸጣለች» ብላ አስተዋውቃኛለች።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የውጭውን በር እከፍትና ክፈፉ ላይ ሸራ እወጥራለሁ፤ ሸራው መሐል ትልቅ ማራገቢያ አለ። ሌላውን በርና መስኮት ሁሉ ዘግቼ፣ ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ እንዲስብ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ቤቱ በየስንጥቁ ከውጭ አየር ይምጋል፤ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በመብራት ማብሪያው ዙሪያ፣ በኮርኒሱ ጥግ። እጄን ሳስጠጋ ይሰማኛል፤ መጠኑን መሣሪያው ያወጣልኛል። ሌላ ደግሞ ከቦርሳዬ የማትለይ ትንሽ መለኪያ አለችኝ። ሰው በተዘጋ ክፍል ሲቆይ የሚጠራቀመውን የተቃጠለ አየር ትቆጥራለች፤ ሲበዛባት ትጮኻለች።

ታላቅ ወንድሜ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ነጋዴ ነው። ከቤታችን ገንዘብ መያዝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ተናግሮ የሚደመጠውም እሱ ብቻ ነው። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግነው ከዚራ ሰፈር፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከጣሪያው ሥር በየክፍሉ የአየር መውጫ ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላም እማ እዚያው ነበረች። አስም አለባት። ወንድሜ ሳቢያን ሰፈር አዲሱን ቤቱን ሲጨርስ «እማን ወደዚህ አመጣታለሁ፤ አቧራም ቢምቢም አይነኳትም» አለ። ልቡ ክፉ አይደለም፣ ይህን አልክድም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ሲነሣ እማ እንዴት እንደምትሆን አብረን እያየን ነው ያደግነው።

ቤቱ ግን መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ የሱቁ ማስታወቂያም ነበር። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። መስኮቶቹ ጠርዛቸው በጎማ የታሸገ፣ አብዛኞቹም ጭራሽ የማይከፈቱ። ደንበኛ ሲመጣበት ከሱቅ በመኪና ይዞት ይመጣና «ግባና እየው፤ አንዲት ቅንጣት አቧራ ካገኘህ ንገረኝ» ይለዋል። አንድ ቀን ታዲያ ደወለልኝ። «ያን ማራገቢያሽን ይዘሽ ነይና ቤቴን መርምሪልኝ» አለ። ወንድሜ ሥራዬን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሞኝ!

ሸራውን ወጠርኩ፤ ማራገቢያውን አስነሣሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። በመስኮቱ ዙሪያ እጄን ባንቀሳቅስ ምንም የለም። በኮርኒሱ የለም። ቤቱ አየር የሚያስገባበት ቢያጣ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ማፍሰሻ በኩል የፍሳሹን ጉድጓድ ሽታ ስቦ አመጣው። ወንድሜ አፍንጫውን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል።

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ድፍን ነው» አልኩት።

ያልኩት ይህን ነው። በእኔ አፍ ይህ ነቀፋ ነው። ድፍን ማለት መግቢያም መውጫም የሌለው ማለት ነው፤ ምክር ለማይገባው ሰው «ድፍን ቅል» እንል የለም? ይህም አልበቃኝ ብሎ አስከትዬ፣ «እማ እዚህ የምትተኛ ከሆነ መኝታ ቤቷ የአየር ቀዳዳ ይበሳላት፤ አቧራና ቢምቢ እንዳይገባ ወንፊት እናደርግበታለን» አልኩት። «ሀዬ፣ ሀዬ» አለ። እሺ ማለቱ ነበር። ሀዬ የሚለው ወንድሜ ማዳመጥ ሲያቆም ነው።

«ድፍን ነው» የምትለዋን ብቻ ቆርጦ ይዞ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ድፍን ድሬ ሰማ። ሱቅ ለገባ ሁሉ «እህቴ ኢንጂነር ናት፤ በማሽን መርምራ ድፍን ነው አለችኝ» ይላል። መንገድ ላይ አስቁመውኝ «የኛንም ቤት ድፍን አድርጊልን እንጂ» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አቦ! አስጠንቅቄ የተናገርኩትን ቃል ሰው መስታወት ሲሸጥበት ስሰማ ደሜ ፈላ።

እማ ገባች። መጀመሪያ ሰሞን ኤሲው ሲሠራ ደህና መስላ ነበር። ይህ ኤሲ የሚባል ነገር ደግሞ ሌላው ጣጣዬ ነው። ሰው ኤሲ ከውጭ አየር የሚያመጣ ይመስለዋል። እዚያ ቤት የተገጠመው ያንኑ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ ነው የሚያዞረው፤ እማ ያስወጣችውን ትንፋሽ አቀዝቅዞ መልሶ ለእማ ይሰጣታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዙም ይቀራል፤ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለድሬ ሰው አልነግረውም።

አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ልጠይቃት ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላለች። በየትንፋሿ ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሣል።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ተመስገን። እንደ ንግሥት እኮ ነው ያስቀመጠኝ።»

መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ኮመዲኖው ላይ ሳስቀምጣት ጮኸች። ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ በተቃጠለ አየር ሲሞላ አድሯል። «መስኮቱን ለምን አትከፍቺውም?» ስላት «አይከፈትም እኮ» አለች። «ያኛውስ?» «ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ሌባ ይገባል ብሎ።» ይህን ስትለኝ ፈገግ ብላ ነው። እናት በልጇ ቤት አይከፋትም፤ ቢከፋትም አትናገርም። የልጇን ቤት ማማት ልጇን ማማት ነው። ይህን ልማድ ማን እንዳመጣው ባውቅ ሄጄ እጣላው ነበር።

ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። «እማ እየታፈነች ነው» አልኩት።

«ኤሲ ገጥሜላት!»

«ኤሲው አየር አያመጣም!»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያመጣው?»

«ብርድ!»

«አንቺ ራስሽ ድፍን ነው አላልሽም? በማሽን ለክተሽ?» አለና ወደ ደንበኞቹ ዞሮ ሳቀ። ደንበኞቹም ሳቁ። ከዚያ «ሀዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን» አለኝ። የሱ የሚቀጥለው ሳምንት እንደ ሎተሪ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲደርስ እንጂ ላንቺ ሲደርስ አታዪም።

ቢቸግረኝ የግድግዳ መብሻ ማሽን ተውሼ፣ እሱ ሱቅ በዋለበት ሰዓት ሄድኩ። እማ ነጠላዬን ይዛ «ተይ ልጄ፣ ተይ፣ ይቆጣል» ትለኛለች። «ይቆጣ!» አልኳት። የመኝታ ቤቷን የውጭ ግድግዳ በሳሁት። ቀዳዳው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያህላል። የጓሮው የኒም ዛፍ አየር ገባ። ሞቃት ነው፣ የድሬ አየር ነው፣ ግን አየር ነው። እማ ፊቷን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ዓይኗን ስትገልጥ ያለችኝ ምን መሰላችሁ? «አሁን በምን እንሸፍነው?»

ሳንሸፍነው ወንድሜ ደንበኛ ይዞ መጣ። ደንበኛው ፊት ያለኝን ሁሉ አልጽፈውም። «ከቤቴ ውጪ!» ያለውን ግን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። በማግስቱ ከሱቁ ያን እየተነፋ የሚያብጥ ፎም አምጥቶ ቀዳዳውን ደፈነው፤ ላዩን ቀለም ቀባው። ለዘመድ ሁሉ ደግሞ «ቅናት ነው፤ የሠራሁትን ማየት አቃታት» ብሎ አወራ። ቅናት! የማይከፈት መስኮት ተመኝቼ!

ነገሩ ሲከር ሽማግሌ ገባ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአባታችን ጋር ባቡር ላይ የሠሩ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው፤ ልጅ ሆነን ጀምሮ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለተኛው ከወንድሜ ሱቅ ጎን የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ እሳቸውም ከሕፃንነታችን ያውቁናል። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሐጂ ሰላታቸውን ሰግደው እንደመጡ፣ እዚያው መስታወት ቤት ሳሎን ተቀመጥን። መብራት የለም። ፀሐይዋ ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ቁጭ ብላለች።

«በሩን ዝጉት» አሉ ጋሼ። «የቤት ገመና ጎረቤት አይስማው።»

ተዘጋ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስቀምጬ «ይናገር፣ ልቡ እስኪወጣ ይናገር» አልኩ በሆዴ። ወንድሜም ተናገረ። ቤቱን ሲሠራ እንዴት እንደለፋ፣ ለእማ ሲል ምን ያህል እንደደከመ፣ እኔ እንዴት እንደ ሌባ ተደብቄ ገብቼ ግድግዳውን እንደበሳሁ ተናገረ። «ግድግዳዬን ብቻ አይደለም፣ ስሜንም ገበያ ላይ በሳችው። እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቀኝ፤ ሁለተኛም ቤቴን እንዳትነካ በእናንተ ፊት ትማልልኝ» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ታላቅሽ ነው። ታላቅ ደግሞ እንደ አባት ነው...» እያሉ ማዛጋት ያዛቸው። ምክሩን ሳይጨርሱ ሁለተኛ አዛጉ። ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ያራግባሉ። የወንድሜ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ይህን ጊዜ ከእግሬ ሥር ጩኸት ተሰማ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ ጋሼ ደንግጠው።

«መለኪያዬ ናት። የተቃጠለ አየር በዛ እያለች ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ከኛው። እስካሁን የተነፈስነው ነው፤ መውጫ የለውም።»

ሐጂ ብድግ አሉ። «ወላሂ እኔም ራሴን ፍልጥ ፍልጥ ሲያደርገኝ፣ ጦም የዋልኩ መስሎኝ ነበር! አቦ በሩን ክፈቱት!»

«ገመናስ?» አሉ ጋሼ።

«ገመና ከነፍስ አይበልጥም!» ብለው ራሳቸው ሄደው ከፈቱት። በሩ ላይ እንደቆሙም ወደ ወንድሜ ዞረው፣ «ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ስማኝ። እኛ አንዲት ጨዋታ ተቀምጠን አልቻልነውም። እናትህ እንዴት አድርጋ ነው የምታድርበት? እሷን ጥራልን፣ እሷ ትናገር» አሉት።

ወንድሜ ደስ አለው። እማ ክፉ እንደማትናገር ያውቃላ! «ጠይቋት! አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። ጋደም ብላለች፣ ላምጣት» ብሎ ወደ መኝታ ቤቷ ገባ። ወዲያው ተመለሰ። ፊቱ ግራ ተጋብቷል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው አለ። መታጠቢያ ቤት የለችም። ማድቤት የለችም። «እማ! እማ!» እያለ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሦስታችንም ተከተልነው።

ጓሮው ጥግ ላይ ዕቃ የሚያከማችበት አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። በብሎኬት የተሠራች፣ ቆርቆሮዋ ከግድግዳው ጋር ያልተጋጠመ፣ በላይ በኩል ዙሪያዋን ብርሃን የሚታይባት። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማ በአሉሚኒየም ቁራጭና በመስኮት ጎማ ጥቅልል መሐል መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ጋደም ብላለች። ሚስማር ላይ ነጠላዋ ተሰቅሏል። ከራስጌዋ የማርያም ሥዕሏ፣ የውኃ ጠርሙሷና የአስም መንፊያዋ ተደርድረዋል። የዛሬ ብቻ ነገር እንዳልሆነ ያስታውቃል። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቀዳዳው በፎም ከተደፈነ ጀምሮ እንደዚህ ነበር። ማታ «ደህና እደር» ብላው መኝታ ቤቷ ትገባለች፤ እሱ ሲተኛ ወደዚህ ትወጣለች። ሰው ሲመጣ ደግሞ ተመልሳ አልጋው ላይ ትቀመጣለች። ከጠቡ በኋላ እሱ ሱቅ ሲውል ልጠይቃት ብቅ ስል፣ እኔንም እንደዚያ ነው የሸወደችኝ።

ወንድሜ በሩ ላይ ደርሶ አያት። ከዚያ አፉን ከፈተ። እናቱን መሬት ላይ ተኝታ ያየ ልጅ መጀመሪያ ምን ይላል? እሱ ያለው ይህን ነው፦

«እማ! ሰው አይቶሻል?»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። «እናትህን ከጎማህ ጋር አከማችተህ፣ ሰው አይቶሻል ነው የምትላት? አንተ ድፍን!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

እማ ቀስ ብላ ተነሣች። ሽማግሌዎቹን ስታይ አፍራ ነጠላዋን ከሚስማሩ ሳበችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ቁጣዋ ታዲያ በማን ላይ ሆነ? በእኔ!

«አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ። «ገመናዬን አደባባይ አወጣሽልኝ?»

«እማ፣ ብትሞቺስ ኖሮ?»

«ብሞት ምናለበት! ልጆቼ ተጣልተው ከማይ...»

መጨረስ አቃታት። አየሩ አለቀባት። እጇ ወደ ራስጌዋ ሄዶ መንፊያዋን ፈለገ፤ አቀበልኳት። አንዴ ሳበች፣ ደገመች። አራታችንም ቆመን ደረቷ ሲያፏጭ አዳመጥን። ወንድሜ ከኛ ሁሉ ቀርቦ ነበር የቆመው። የጀመረችውን ቃል እንድትጨርሰው ጠብቀን ነበር፤ አልጨረሰችውም። ትንፋሿ ሲመለስ ወደ እሱ ቀና ብላ፣ እኔን በተናገረችበት ድምፅ ሳይሆን በለስላሳው፣ «ቤትህ ቆንጆ ነው፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ግን አልተነፍስበትም» አለችው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊፈርዱ ሲሉ ወንድሜ የለም። ወደ ቤት ገብቷል። ብንከተለው መኝታ ቤቷ ውስጥ ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ያን ፎም በወጥ ቤት ቢላ እየፈለፈለ ያወጣል። ቢላው ሲታጠፍበት በጣቱ ቀጠለ። ጥፍሩ ሥር ደም አየሁ። አላዘንኩለትም። «በርታ!» አልኩት።

ታረቁ ተብለን ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ ሽማግሌ ፊት እንቢ አይባልም። በዚያው ሳምንት እኔ ምልክት ባደረግኩበት ቦታ ሁሉ ግድግዳው ተበሳ፤ የቢምቢ ወንፊት ገባበት፤ የማይከፈተው መስኮት ተነቅሎ የሚከፈት ተገጠመ። እማ አልጋዋ ላይ ተመለሰች። እኔም ከመለኪያዬ ጋር ሄጄ ክፍሉን እንደገና ለካሁት።

እየለካሁ ሳለ ወንድሜ እንደ ልማዱ አንድ ደንበኛ ይዞ ገባ። ሰውዬው መስታወቱን አየ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ከዚያ የእማን ክፍል አጮልቆ አየና ግድግዳው ላይ ያለውን ወንፊት በጣቱ አሳየ። «ይሄስ ምንድን ነው? አቧራ አያስገባም?» አለ።

«እናቴ የምትተነፍስበት ነው» አለ ወንድሜ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ እንደገና ንድድ አልኩ። እሱን ይህችን አንዲት ቃል ለማናገር እናታችን መሬት ላይ መተኛት ነበረባት?